የጡረተኞች የጤና መድን አረቦን በአሜሪካ፦ ሸክሙ ከማን ወደ ማን እንደተሻገረ

አረቦን ማለት መድን የገባ ሰው ቢታመምም ባይታመምም በየወሩ የሚከፍለው የተወሰነ ገንዘብ ሲሆን፣ በዩናይትድ ስቴትስ በጡረታ የሚኖር ሰው ስለ ጤናው በሚያደርገው ምርጫ ሁሉ ቀድሞ የሚያሳስበው ይኸው ክፍያ ነው። ታሪኩ ሲመረመር ግን አረቦኑ የቀነሰው ሕክምናው ስለ ረከሰ ሳይሆን፣ አረጋዊው ከወጣቱ፣ ሕመምተኛውም ከጤነኛው ጋር በአንድ ቋት እንዲቆጠር ስለ ተደረገ እንደ ነበር፣ ይህ አንድነት በላላ ጊዜም ወጪው በሌላ በኩል ዞሮ ጡረተኛው ዘንድ ይደርስ እንደ ነበር ይታያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በ1929 በዳላስ ከተማ የሚገኘው የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የከተማይቱ መምህራን በወር 50 ሳንቲም እየከፈሉ በዓመት እስከ 21 ቀን ተኝተው የሚታከሙበትን ውል አቀረበ፤ ኋላ ብሉ ክሮስ ተብሎ በመላ አገሪቱ ለተስፋፋው የመድን ዓይነት መነሻ የሆነውም ይኸው ውል ነው። የብሉ ክሮስ ድርጅቶች በአንድ አካባቢ የሚኖሩ አባላትን ዕድሜያቸውንና ጤንነታቸውን ሳይለዩ ተመሳሳይ አረቦን ያስከፍሉ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያውን የተቀላቀሉት የንግድ መድን ኩባንያዎች ግን ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱን የሕመም ታሪክ እያሰሉ፣ ወጣትና ጤነኛ ሠራተኞች ላሏቸው ድርጅቶች ዋጋ እየቀነሱ ስለ ወሰዷቸው፣ በቀድሞው ቋት የቀሩት ይበልጥ አረጋውያንና ሕመምተኞች ሆኑ፤ አረቦኑም ናረባቸው። መድኑ ከሥራ ጋር የተሳሰረ በመሆኑም ሠራተኛው በጡረታ ሲሰናበት፣ ይበልጥ በሚያስፈልገው ዕድሜ፣ ብዙውን ጊዜ ሽፋኑን ያጣ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአገሪቱ አረጋውያን ግማሽ ያህሉ የሆስፒታል መድን አልነበራቸውም።

ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በ1945 ለሕዝቡ ሁሉ ብሔራዊ የጤና መድን እንዲቋቋም ለኮንግረስ ያቀረቡት ሐሳብ በሐኪሞች ማኅበር ብርቱ ተቃውሞ ከከሸፈ በኋላ፣ የሐሳቡ ደጋፊዎች ዓላማቸውን ወደ አረጋውያን አጠበቡ። በ1960 የወጣው የኬርና ሚልስ ሕግ የረዳው ድህነታቸውን ማስመስከር ለሚችሉ አረጋውያን ብቻ ስለ ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ የኖረውን አብዛኛውን ጡረተኛ ሳይነካ አለፈ። 65 ዓመት ለሞላቸው አረጋውያን የጤና መድን ያቋቋመውን፣ ሜዲኬር የተባለውን ሕግ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጁላይ 30 ቀን 1965 በሚዙሪ፣ በትሩማን ቤተ መጻሕፍት ተገኝተው ፈረሙ፤ የመጀመሪያው የአባልነት ካርድም ለአዛውንቱ ትሩማን ተሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ሥራው ሲጀመር 19 ሚሊዮን ያህል አረጋውያን ተመዝግበው ነበር። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር የሚለያዩ ተቋማት የፌዴራል ገንዘብ እንዳያገኙ ስለሚከለክል፣ ከሜዲኬር መከፈል የፈለጉ የደቡብ ሆስፒታሎች ጥቁርና ነጭ ሕሙማንን መለየት በጥቂት ወራት ውስጥ እንዲተዉ ተገደዱ። ይህ ውጤት ከገንዘቡ ጉዳይ ባልተናነሰ ሊታወስ የሚገባው ነው።

ሜዲኬር በመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች ነበሩት። የሆስፒታል ወጪን የሚሸፍነው ክፍል ኤ የሚደገፈው በሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ደመወዝና ከአሠሪዎቻቸው በሚሰበሰብ ግብር ሲሆን፣ ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው ለ10 ዓመት ያህል ይህን ግብር የከፈለ ጡረተኛ አረቦን አይጠየቅም። የሐኪም ክፍያን የሚሸፍነው ክፍል ቢ በ1966 በወር 3 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ መንግሥትም ያንኑ ያህል ከጠቅላላ ገቢው ያዋጣ ነበር። በ1972 የወጣ ሕግ አረቦኑ ከጡረታ አበል ጭማሪ በፈጠነ መጠን እንዳያድግ ሲገድብ የሕክምና ዋጋ ግን መናሩን ስላላቆመ፣ የጡረተኛው ድርሻ ከግማሽ ወደ ሩብ ወረደ፤ በ1997ም ሩቡ በቋሚነት ተደነገገ። ስለዚህ በ2025 በወር 185 ዶላር የሆነው መደበኛ አረቦን፣ ምንም እንኳ ከጡረታ አበል ላይ ሲቆረጥ ከባድ ቢሆን፣ የወጪው ሩብ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከተረፈው አብዛኛውን የሚሸከመው ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው።

ይህ የጋራ መሠረት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በ1988 ታየ። በዚያ ዓመት የጸደቀው ሕግ ለከባድ ሕመም ወጪ ጣሪያ አበጅቶ የመድኃኒት ሽፋንም ጨመረ፤ ይሁን እንጂ ወጪውን በሙሉ አረጋውያኑ ራሳቸው እንዲሸፍኑ፣ ገቢያቸው ከፍ ያለውም እስከ 800 ዶላር የሚደርስ ተጨማሪ ዓመታዊ አረቦን እንዲከፍሉ አዘዘ። ቁጣው በርትቶ፣ በ1989 የቺካጎ አረጋውያን የምክር ቤቱን የግብር ኮሚቴ ሊቀ መንበር ዳን ሮስተንኮውስኪን መኪና ከበው እስከ ማገድ ደረሱ፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ተሻረ።

የሜዲኬር ጉድለት በዚህ ሁኔታ ሳይሞላ ስለ ቀረ፣ ክፍል ቢ ከሚሸፍነው ወጪ 20 በመቶውን ያለ ጣሪያ የሚከፍለው ጡረተኛ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ሜዲጋፕ የሚባለው፣ ኩባንያዎች የሚሸጡት የማሟያ መድን ነው። አረቦኑ ከፍ ያለ ቢሆንም ሐኪም የመምረጥ ነፃነትን ይጠብቃል። ሁለተኛው በ1982 የወጣ ሕግ የከፈተውና ከ2003 ጀምሮ ሜዲኬር አድቫንቴጅ የተባለው መንገድ ነው። በመጀመሪያው አሠራር መንግሥት ለአንድ አባል በመደበኛው ሜዲኬር ከሚወጣው አማካይ ወጪ 95 በመቶውን ለኩባንያው ይከፍል ነበር፤ ኩባንያውም ውል በገቡ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ብቻ በማሳከም የተረፈውን ለጥቅማ ጥቅምና ለአረቦን ቅናሽ ያውላል። ከክፍል ቢ በስተቀር ምንም ወርሃዊ አረቦን የማይጠይቁት ዕቅዶች የተወለዱት ከዚህ ነው። በ2023 ከሜዲኬር አባላት ከግማሽ በላይ የሆኑት በዚህ መንገድ ተመዝግበዋል። ቅናሹ እውነተኛ ነው፤ ዋጋው ግን በሐኪም ምርጫ መጥበብና ለብዙ ሕክምናዎች ከኩባንያው ቅድመ ፈቃድ በመጠየቅ ይከፈላል። ከዚህም የሚከፋው፣ 65 ዓመት ሞልቶት ክፍል ቢን ከጀመረ በኋላ ያሉት ስድስት ወራት ያለፉበት ሰው፣ ኋላ ታሞ ወደ መደበኛው ሜዲኬር ቢመለስ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የሜዲጋፕ ኩባንያ በሕመሙ ምክንያት ሊከለክለው መቻሉ ነው፤ አረቦን ሲነጻጸር ይህ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

ልጆቻቸው ወደ አሜሪካ ያስመጧቸው ኢትዮጵያውያን ወላጆች በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገቡት ከጠባቡ በር ነው። በአገሪቱ የ10 ዓመት የሥራ ታሪክ ስለሌላቸውና የልጃቸውም ግብር ስለማይቆጠርላቸው፣ ቋሚ ነዋሪ የሆነ አረጋዊ ሜዲኬርን በክፍያ ለማግኘት በተከታታይ 5 ዓመት መኖር ይጠበቅበታል፤ ከዚያም በኋላ በ2025 ተመን ለክፍል ኤ ብቻ በወር እስከ 518 ዶላር ሊከፍል ይችላል። ይህን አረቦን ከክፍል ቢ ጋር ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሰዎች የሚከፍለው፣ በየክፍለ ግዛቱ ባለው፣ ለድሆች የሕክምና ሽፋን በሚሰጠው የሜዲኬይድ ጽሕፈት ቤት በኩል የሚሰጠው ድጋፍ፣ ከተሻረው የ1988 ሕግ ሳይሻር የተረፈ ድንጋጌ ነው።