ፖርቹጋሎች ያልሠሩት ድልድይ

እውነቱን እንናገርና ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ የወጣነው ታሪክ ፍለጋ አልነበረም። ትንሽ ንጹሕ አየር፣ ትንሽ የሰላሌ ወተት፣ ትንሽ ደግሞ ከስልክ መራቅ አምሮን ነው። እንጦጦን ወጥተን፣ ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን አልፈን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያስገባው መገንጠያ ጋ ደረስን። እዚያው አካባቢ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር የሚያስተዳድሩት ትንሽ ሆቴል አለ። አባት ይመዘግባል፣ እናት ወጥ ቤቱን ይዘዋል፣ ልጆቹ ይላላካሉ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ማየት ብቻውን የመጡበትን ጉዳይ ያስረሳል። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ እኛን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ በአጠገባችን ያልፋሉ።

“ፖርቹጋል ድልድዩን አይታችኋል?” አሉን የቤቱ እመቤት፣ ገና ቡናው ሳይቀዳ። አላየንም። “እሱን ሳታዩማ አትሄዱም!”

ሄድን። በጉር ወንዝ ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ውኃው ከሥሩ አልፎ ጥቂት እንደሄደ ወደ ገደሉ ይወረወራል። ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሞላው ነው የምንለው አስጎብኚያችን ከፊት ከፊታችን እየዘለለ በአንድ ትንፋሽ አወረደልን፤ “ጋሼ፣ ይሄንን ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኖራና በሰጎን እንቁላል ቅርፊት!” ከእኛ በፊት ለመጡትም እንዲሁ ነግሯቸዋል፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም ይነግራቸዋል። እኛም ፎቶ ተነሣን። መቼም ድልድይ ላይ ቆሞ ፎቶ የማይነሣ የለም።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ድልድዩን ያሠሩት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዐፄ ምኒልክ አጎት፣ መቀመጫቸውን ፍቼ ላይ አድርገው ሰላሌን ያስተዳደሩት ራስ ዳርጌ። ጊዜውም የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ወታደሮቹን ይዞ ምጽዋ ከወረደበት ከ1541 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ አልፎ ማለት ነው።

ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? ለዚህ መልስ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያኑ ጋር የመጣ የግንባታ ጥበብ ዓባይ ላይ የድንጋይ ድልድይ አቁሟል፤ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ዛሬም ይታያል። ከዚያ ወዲያ በኖራ የተያያዘ፣ ቅስት ያለውና ያረጀ ድልድይ ባየን ቁጥር “የፖርቹጋል” ማለት ልማድ ሆነብን። ከዚህ ወንዝ ዳር ድንጋይ የፈለጠውና ኖራ ያቦካው የሰላሌ ሰው ግን በተረቱ ውስጥ የለም። አስጎብኚውን ልጅ አንወቅሰውም፤ እሱ የነገሩትን ነው የነገረን። እኛም ብንሆን ትምህርት ቤት ሳለን ያረጀ ነገር ሁሉ የፈረንጅ ነው የሚል ነገር ሳይነገረን ተምረናል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ገዳሙ ወረድን። ደብረ ሊባኖስን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሠረቱት። የመጀመሪያ ስሙ ደብረ አስቦ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። የገዳሙ አለቃ እጨጌ ተብሎ፣ ጳጳሱ ከግብጽ በሚመጣበት በዚያ ሁሉ ዘመን ከአገሬው ካህናት ሁሉ የበላይ ሆኖ ኖሯል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ ጦርነት ተቃጥሏል፤ ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ተሠርቷል። ዛሬ የምናየውን ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አሠሩት፤ ባለቀለም መስታወቶቹ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ናቸው። ከበላዩ ባለው ዋሻ ጻድቁ በአንድ እግራቸው ቆመው ሰባት ዓመት እንደጸለዩበት ይነገራል፤ ጠበልተኛው ጄሪካኑን ይዞ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። እስከዚህ ድረስ ያለው ለሽርሽር የሚመች ታሪክ ነው።

የማይመቸው በ1929 ዓ.ም. የሆነው ነው።

የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሐውልቱ ስድስት ኪሎ ቆሟል፣ በየዓመቱም ይታሰባል። ከሦስት ወር በኋላ ሰላሌ ላይ የደረሰውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ግራዚያኒ መነኮሳቱን ለቦምብ ጣዮቹ መጠለያ ሰጥታችኋል ብሎ ወነጀለና ገዳሙን እንዲደመስስ ጄኔራል ማሌቲን አዘዘ። የተመረጠው ጊዜ ደግሞ የጻድቁ ዐፅም የፈለሰበት ክብረ በዓል፣ ግንቦት 12 ነበር። ያን ቀን ከየአገሩ ምእመናን ይጎርፋሉ፤ መውጫው ሲዘጋ መነኩሴውም ተሳላሚውም እኩል ውስጥ ቀረ። በማግሥቱ ሰዎቹ በጭነት መኪና እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል፣ ኮረብታ ወደከበበው ሜዳ ተወሰዱና ተረሸኑ።

ግራዚያኒ ለሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና ተባባሪ ናቸው ያላቸው 23 ምእመናን መገደላቸውን አስታወቀ። ቀናት ቆይቶ ተርፈው የነበሩ 129 ዲያቆናትም ደብረ ብርሃን አካባቢ ተረሸኑ። ሲደመር 449 ነው። ይህ እንግዲህ ገዳዩ ራሱ የቆጠረው ነው። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቦታውን ፈልገው፣ በሕይወት የነበሩ ምስክሮችን አነጋግረው ሲያጠኑት ቁጥሩ ከ1,400 በላይ፣ ምናልባትም 2,000 ያህል ሆነ። ካምቤል ቆይቶ ባሳተመው መጽሐፍ ከዚያም ከፍ አድርጎታል። ልዩነቱ ማን ነው ካልን፣ በዓል ሊያከብር መጥቶ ስሙ የትም ሳይጻፍ የቀረው ተሳላሚ ነው።

እዚያው ፍቼ ላይ፣ ከዚህ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ሲሰጡ ተገድለዋል። ግራዚያኒስ? ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ላይ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በደብረ ሊባኖስ አይደለም፤ ያንንም ቢሆን ብዙ ሳይታሰር ወጣ። በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በተባለች የጣሊያን ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሲሠራለት ተቆጥተን ጽፈናል፣ ፈርመናል። ይሁንና ከዚህ በረንዳ ተነሥቶ ላጋ ወልዴ የደረሰ ሰው ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

ማታ ይህንኑ ለሆቴሉ አባወራ አነሣንባቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ “እንግዳ ለመዝናናት ነው የሚመጣው፤ እኔ ከመዝናኛው መሐል አውጥቼ እዚያ ሂዱ ልበለው?” አሉን። ልክ ናቸው፤ መልስ አላገኘንላቸውም። የሆቴል ሰው የእንግዳውን ፊት አይቶ ነው የሚናገረው። ሚስታቸው ግን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሮ፣ “ካልተነገራቸው በምን ያውቃሉ?” ብለው ተመለሱ።

እሑድ ጠዋት ያ አስጎብኚ ልጅ በሩ ላይ ጠበቀን። ላጋ ወልዴን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅነው።

“ወንዙን ነው?” አለ። ላጋ በኦሮምኛ ወንዝ ነውና አልተሳሳተም። “ሩቅ ነው ጋሼ። መኪና ካላችሁ ግን ጠይቄ አደርሳችኋለሁ።”

ስንት እንደሚያስከፍለን ጠየቅነው። ጭንቅላቱን አከከ።

“የድልድዩን ዋጋ አውቃለሁ፤ የዚያኛውን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።”