በዱቦ ለበልግ የትኛውን ሣር እንምረጥ?

በልግ ሲቃረብ በከተማ ለምንኖር የዱቦ ተወላጆች ከቤተሰብ የሚደርሰን መልእክት ተመሳሳይ ነው፤ «ለከብቶቹ የሣር ዘር ገዝተህ ላክልን።» ጥያቄው ቀላል አይደለም። በበጋ መኖ ሲጠፋ ላሟ የምትመገበው የእንሰት ቅጠል ነው። ቅጠሉ በብዛት በተቆረጠ ቁጥር ደግሞ የቤተሰቡ ምግብ የሆነው እንሰት ይጎዳል። ይሁን እንጂ ለዱቦ ከሚስማሙት ሣሮች ዋነኞቹ በዘር የሚበቅሉ አይደሉም። በመሆኑም ገንዘብ ከመላካችን በፊት መሬቱ ምን ያህል እንደሆነና ሣሩ የሚታጨድ ወይስ የሚጋጥ መሆኑን መጠየቅ ይገባል።

ደሾ፦ አገር በቀል ሲሆን በይበልጥ የታወቀው ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ነው። በግንጣይ ይተከላል። በእርከንና በማሳ ዳር ስለሚበቅል ለሰብል የሚሆን መሬት አይሻማም፤ አፈርም ይይዛል። ማሳው ተዳፋትና ጠባብ ለሆነ ገበሬ እኔ በቅድሚያ የምመርጠው ይህን ነው።

ዝሆኔ ሣር፦ በምርት ብዛት የሚወዳደረው የለም፤ ፍግ ግን ይፈልጋል። 3 አንጓ ያለው የግንድ ቁራጭ 2ቱ አንጓ አፈር ውስጥ ገብቶ ይተከላል። በረድፎች መካከል 1 ሜትር፣ በተክሎች መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ሲሆን ካልታጨደ ግንዱ ይጠነክራል፣ ፕሮቲኑም ይቀንሳል። የሚያቀጭጭ በሽታ ስላለው ቁራጩ ከጤናማ ማሳ ይወሰድ።

ሮደስ፦ በዘር የሚዘራው ይህ ነው፤ ሰፋ ያለ መሬት ላለውና ከብቶቹን ለሚያሰማራ ይሆናል። ለ1 ሄክታር 10 ኪሎ ግራም ያህል ይበቃል። ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ መሬቱ በደንብ መለስለስ አለበት፤ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ አይወጣም። የበልግ ዝናብ መሃል ላይ ሲቋረጥ ቡቃያው ይደርቃል። ስለዚህ በበልግ መሬቱን አርሶና አረሙን አጥፍቶ፣ ክረምቱ ሲጸና መዝራት ይሻላል። ሥሩ እስኪጠነክር ከብት አይግባበት።

ከየትኛውም ሣር ጋር ዴስሞዲየም በረድፍ መሃል ቢገባ መኖውን በፕሮቲን፣ አፈሩን በናይትሮጅን ያበለጽጋል።

ስለ ዝርያዎቹ በቅርብ የሚጠየቀው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) የመኖ ዘር ባንክም ለሙከራ የሚሆን ጥቂት ዘር ይሰጣል። ለደሾና ለዝሆኔ ሣር ግን ከጎረቤት የተገኘ ግንጣይና ቁራጭ ይበቃል፤ የምንልከው ገንዘብ ለጉልበት ሠራተኛ ቢውል ይመረጣል።