ሰንበት በቤተ እስራኤል መንደሮች

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤላውያን በወገራ፣ በደምቢያ፣ በሰሜን፣ በቋራ፣ በጎንደር ዙሪያና በትግራይ ሽሬ ለዘመናት ሲኖሩ የሳምንታቸው ልክ ሰንበት ነበረች። ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያልተጠመቀ ሁሉ ርስት እንዳይኖረው አዘዙ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ብዙው ሰው የሌላውን መሬት እያረሰ በእጁ ሙያ ኖረ፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጥ፣ ሸማ ይሠራ፣ ሴቷም ሸክላ ትሠራ ነበር። ይህ ሁሉ ሥራ ግን ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ይቆም ነበር።

መንደሩ አብዛኛውን ጊዜ ከወንዝ አጠገብ ይቆረቆር የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ትንሹ ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠብና ንጹሕ ልብስ ይለብስ ነበር። ዳቦው ተጋግሮ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ውሃው ተቀድቶ ማለቅ ነበረበት። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት የምድጃው እሳት ይጠፋ ነበር፤ እንደ ሌላው ምሽት ፍሙ አመድ ለብሶ ተዳፍኖ አያድርም ነበር። በሌላው ዓለም የሚኖሩ አይሁድ ሰንበትን የሚቀበሉት መብራት አብርተው ሲሆን፣ ቤተ እስራኤል ግን በጨለማ ቤት ይቀበሏት ነበር። በማግስቱም ይበላ የነበረው የቀዘቀዘ ምግብ ነው፤ ቡናም አይፈላም ነበር።

የዚህ ጥብቅነት ምንጩ መጽሐፍ ነው። የቤተ እስራኤል ቀሳውስት የረቢዎችን ሕግ የያዘውን ታልሙድን አያውቁም ነበር። ሕጋቸው ኦሪትና መጽሐፈ ኩፋሌ ነበር፤ ኩፋሌ ደግሞ በመጨረሻው ምዕራፉ በሰንበት የሚከለከለውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፦ እሳት ማንደድ፣ ውሃ መቅዳት፣ ሸክም መሸከም፣ መንገድ መሄድ፣ በእንስሳ ላይ መቀመጥ፣ መዋጋት፣ ከሚስት ጋር መተኛት፣ መጾምም ጭምር። ይኸው መጽሐፍ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ቅዱስ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ እኩል ሰንበት ሆነው እንዲከበሩ መወሰኑ ሲታሰብ፣ እነዚህ ሁለት እምነቶች አንድን ክብር ከአንድ የግእዝ ጽሑፍ ሀብት ሲቀዱ እንደኖሩ ይታያል። ሰንበትን ማክበር ዋጋም ያስከፍል ነበር፤ የቅዳሜ ገበያ በሚውልበት አገር ዕቃውን ቤቱ አስቀምጦ መዋል ለሸክላ ሠሪና ለቀጥቃጭ ቀላል ኪሳራ አልነበረም።

ጸሎቱ ይደርስ የነበረው መስጊድ ወይም ጸሎት ቤት በሚባለው የሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ነው። ፊት ወደ ኢየሩሳሌም ይዞር ነበር። ኦሪቱ እንደ ሌሎቹ አይሁድ ጥቅልል አይደለም፤ በብራና ተጽፎ እንደ ዳዊት የተደጎሰ መጽሐፍ ነው። ቄሱ በግእዝ ያነብና ለሕዝቡ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉም ነበር፤ በጸሎቱ መካከል የድሮው አገውኛ ቃላትም ይሰሙ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሴቶች ዳቦና ጠላ ይዘው ይመጡ ነበር። ቄሱ ዳቦውን ባርኮ ይቆርስ፣ ሁሉም ይካፈል ነበር፤ ድሃውም እንግዳውም ከዚያው ማዕድ ይቋደስ ነበር። ጸሎትና ማዕድ በአንድ ጣራ ሥር መሆናቸው ጉባኤውን እንደ ቤተሰብ ያስተሳሰረ ሥርዓት ነው።

ቤተ እስራኤል ስለ ሰንበት ያላቸውን ስሜት ከሁሉ የሚገልጠው ትእዛዘ ሰንበት የተባለው የግእዝ መጽሐፋቸው ነው። በዚያ ሰንበት ዕለት ብቻ አይደለችም፤ መላእክት የሚያጅቧት፣ በፈጣሪ ፊት ቆማ ስለ ኃጥአን የምታማልድ ንግሥት ናት። እያንዳንዱ ሰባተኛ ሰንበትም ከሌሎቹ በላይ በድምቀት ይከበር ነበር።

ንጽሕና ከሰንበት አይለይም ነበር። የወር አበባ ያየች ሴት ለ7 ቀን በመንደሩ ዳር ባለው የመርገም ጎጆ ትቆይ ነበር፤ ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ተለይታ ትሰነብት ነበር። ምግብ ከውጭ ይቀርብላት ነበር። ለሴቶች ከባድ ሥርዓት ነበር፤ የኦሪትን ቃል ግን ፊደሉን ሳይለቅ የጠበቀ ነው። የንጽሕናውን ሥርዓትና ምንኩስናን ያጸኑት በ15ኛው መቶ ዘመን የኖሩት አባ ሰብራ እንደሆኑ ትውፊቱ ይናገራል።

ለውጡ የመጣው ከውጭ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1867 ጆሴፍ አሌቪ፣ በ1904 ደግሞ ዣክ ፋይትሎቪች የተባሉ አይሁዳውያን ምሁራን ወደ አገሩ መጡ። ፋይትሎቪች በ1923 አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ዕብራይስጥንና የዓርብ ማታ መብራትንም አስተማሩ። ከ1984 ጀምሮ በታላላቆቹ የአየር ጉዞዎች ሕዝቡ ወደ እስራኤል ሲጓዝ፣ በ1991ም ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ሲወሰድ፣ የመንደሩ ሳምንት አበቃ። በእስራኤል ወጣቱ በዕብራይስጥ ይጸልያል፤ የአገሩ ረቢዎችም የቄሶችን ሥልጣን ለመቀበል ብዙ አንገራግረዋል። ይሁንና የሰንበት ዳቦ ዛሬም በየቤቱ ይጋገራል፤ ግእዙን ከአባቶች ተምረው እዚያው እስራኤል የተቀቡ ቄሶችም አሉ።