የቻንዲጋር ቤተ መዘክርና የዘመናዊ ሥዕል ስብስቡ

እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ለክፍፍል ከቀረበው ሀብት አንዱ የላሆር ቤተ መዘክር ንብረት ነበር። በተደረሰው ስምምነት መሠረት ከመቶ 60 እጁ እዚያው ሲቀር፥ 40 እጁ ለሕንድ ተሰጠ። የሕንድ ድርሻ፥ በተለይም የጋንዳራ ቅርጻ ቅርጽ፥ የራሱ ቤት አልነበረውምና በአምሪትሳር፥ በሺምላና በፓቲያላ ሲንከራተት ቆየ። ላሆርን ያጣችው የሕንድ ፑንጃብ አዲሱን ዋና ከተማዋን ቻንዲጋርን ስትቈረቍር ለዚህ ስደተኛ ቅርስም ማረፊያ ታሰበለት።

ሕንፃውን የነደፈው ለ ኮርቡዚየ ሲሆን፥ ተመርቆ የተከፈተው እርሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። አርክቴክቱ ስብስቡ በጨመረ ቍጥር ሕንፃው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠማዘዘ ወደ ውጭ እንዲያድግ ያልም ነበር። በአሕመዳባድና በቶኪዮም ይህንኑ ሐሳብ ሞክሯል። ይሁን እንጂ ከሦስቱ አንዱም በታሰበው መንገድ አላደገም፤ መሐንዲስ የሆነ አንባቢ ምክንያቱን ለመገመት አይቸገርም። አንድ ጊዜ በአርማታና በጡብ የተዘጋ ግድግዳን ለቀጣዩ ዙር መክፈት በወረቀት ላይ እንደሚታየው ቀላል አይደለም።

የጥንቱን ስብስብ ታሪክ ሲያስረክብ፥ ዘመናዊውን ግን ሰው ማሰባሰብ ነበረበት። በዚህ ረገድ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ዶክተር ሞሂንደር ሲንግ ራንዳዋ ናቸው። በትምህርታቸው የዕፀዋት ተመራማሪ፥ በሥራቸው የመንግሥት ባለሥልጣን የነበሩት እኚህ ሰው፥ ቀደም ሲል በኮረብታማው አገር የነበሩትን የካንግራ ትናንሽ ሥዕሎች በማሰባሰብ ይታወቃሉ። የቻንዲጋር የመጀመሪያው ዋና ኮሚሽነር ከሆኑበት ከ1966 ወዲህም የዘመኑን ሠዓልያን ሥራዎች ለቤተ መዘክሩ አሰባሰቡ። ዛሬ የአምሪታ ሼርጊል፥ እንዲሁም በዚያው በመከፋፈሉ ዓመት በቦምቤ የተመሠረተው የተራማጅ ሠዓልያን ማኅበር አባላት የነበሩት የሱዛ፥ የራዛና የሁሴን ሥዕሎች ከስብስቡ ውስጥ ይገኛሉ። ሼርጊል እ.ኤ.አ. በ1941 ያረፈችው በላሆር ነበር።

በአንድ ባለሥልጣን ምርጫ ላይ የቆመ ግዢ አደጋ እንዳለው አይካድም፤ ሰውየው የማይወደው ሠዓሊ ሊዘለል ይችላል። ኮሚቴ ተሰብስቦ እስኪስማማ ድረስ ግን ዋጋው አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2025 «ግራም ያትራ» የተሰኘው የሁሴን ሥዕል ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ይህን በመሰለ ዋጋ አንድ የከተማ ቤተ መዘክር በዓመታዊ በጀቱ ገበያ ሊገባ አይችልም።