ካቨንዲሽ፦ ሙዝ በስሙ የተጠራለት የእንግሊዝ መሳፍንት ቤተሰብ እና የቻትስዎርዝ ርስቱ

ከአርባ ምንጭ ተጭኖ መጥቶ መንገድ ዳር ጋሪ ላይ የሚሸጠው ሙዝ በብዛት «ካቨንዲሽ» ከሚባለው ዘር ነው። በዓለም ገበያ ከሀገር ወደ ሀገር የሚላከው ሙዝም ከሞላ ጎደል ሁሉም ይሄው ነው። ስሙ ግን የሙዝ ስም አልነበረም፤ የአንድ እንግሊዛዊ የመሳፍንት ቤተሰብ መጠሪያ ነው። ቤተሰቡ ደርቢሺየር በምትባል የእንግሊዝ አውራጃ «ቻትስዎርዝ» የሚባል ግዙፍ ቤትና ርስት አለው። ከ1549 ጀምሮ! (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ መሳፍንት ቤቶች ተሸጠዋል፣ ፈርሰዋል። ይሄኛው እንዴት ተረፈ? ሀብቱስ ከየት መጣ? ከመጀመሪያው እንያዘው።

🔹 ነገሩን የጀመረችው ሴት ናት

ቤስ ኦፍ ሃርድዊክ ትባላለች። ብዙም ሀብት ከሌለው ቤት ወጥታ፣ አራት ጊዜ አግብታ፣ በዘመኗ ከእንግሊዝ ሀብታም ሴቶች አንዷ ሆናለች። ሁለተኛው ባሏ ሰር ዊሊያም ካቨንዲሽ የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ነበር። ንጉሡ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ ገዳማትን ሲዘጋና መሬታቸውን ሲወርስ፣ ንብረቱን ከሚቆጥሩት ሰዎች አንዱ ካቨንዲሽ ነው። የቤተሰቡ ሀብት የተጀመረው እዚህ ጋ ነው፤ ከገዳማት ውርስ።

ባልና ሚስቱ በ1549 ቻትስዎርዝን በ600 ፓውንድ ገዙ። ቦታው ለቤስ የትውልድ አካባቢዋ ነው። አራተኛው ባሏ ደግሞ የስኮትላንዷን ንግሥት ሜሪን በግዞት እንዲጠብቅ ታዞ ስለነበር፣ ንግሥቲቱ በተለያየ ጊዜ ቻትስዎርዝ ውስጥ ታስራ ኖራለች።

🔹 የማዕረጉ አመጣጥ

የቤስ ልጅ ዊሊያም በ1618 «የዴቨንሺየር ኧርል» ተባለ። በ1688 ደግሞ 4ኛው ኧርል፣ የሆላንዱ ልዑል ዊሊያም መጥቶ ንጉሥ ጄምስ 2ኛን እንዲገዳደር በድብቅ ደብዳቤ ከጋበዙት ሰባት ሰዎች አንዱ ሆነ። ልዑሉ መጣ፣ ነገሠ፣ ውለታውንም አልረሳም። በ1694 ሰውዬው «የዴቨንሺየር ዱክ» ሆነ። ዱክ ከንጉሣውያን ቀጥሎ ያለው ትልቁ ማዕረግ ነው። ዛሬ የምናየውን ቤት በአብዛኛው የሠራው እሱ ነው፤ ከ1687 እስከ 1707 ድረስ 20 ዓመት ፈጅቷል።

ገንዘቡ የሚመጣው ከገበሬዎች የመሬት ኪራይ፣ ከእርሳስና ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ነበር። ርስቱ ደግሞ ለልጆች ሁሉ አይከፋፈልም፤ ከማዕረጉ ጋር ተጠቅልሎ ለአንዱ ወንድ ወራሽ ያልፋል። ሳይበጣጠስ የኖረበት ዋናው ምስጢር ይሄ ነው።

🔹 ጆርጂያና

«ዘ ዳቸስ» የሚለውን የ2008 ፊልም ያያችሁ ታውቋታላችሁ። ጆርጂያና ስፔንሰር በ1774 የ5ኛው ዱክ ሚስት ሆነች። ልዕልት ዳያና ከዚሁ ከስፔንሰር ቤተሰብ ናት። ጆርጂያና ሴት ድምፅ መስጠት በማትችልበት ዘመን፣ በ1784 ምርጫ ለንደን ጎዳና ላይ ወጥታ ለቻርልስ ጄምስ ፎክስ ቀስቅሳለች፤ ጋዜጦቹም ክፉኛ ተሳልቀውባታል። በሌላ በኩል ቁማር አሳብዷት ነበር፤ ዕዳዋን ከባሏ ትደብቅ ነበር። የባሏ ውሽማ ኤልዛቤት ፎስተር ደግሞ እዛው አብራቸው ትኖር ነበር። ጆርጂያና በ1806 ከሞተች በኋላ ዱኩ ኤልዛቤትን አገባ።

🔹 አትክልተኛው እና ሙዙ

የጆርጂያና ልጅ፣ 6ኛው ዱክ፣ ሳያገባ ኖሮ ሞተ። በ1826 ጆሴፍ ፓክስተን የሚባል ወጣት የአትክልት ኃላፊ አድርጎ ቀጠረ። ፓክስተን የገበሬ ልጅ ነው፤ ዲግሪ የሚባል ነገር የለውም። ግን በዘመኑ ከዓለም ትልልቆቹ የመስታወት ቤቶች አንዱን ቻትስዎርዝ ውስጥ ሠራ። በኋላም በ1851 ለንደን ላይ ለታየው ታላቅ ኤግዚቢሽን «ክሪስታል ፓላስ»ን ነደፈ።

በ1830ዎቹ ከሞሪሸስ የመጣ የሙዝ ተክል እጁ ገባ። በመስታወት ቤት አሳድጎ አፈራው፤ በጌታውም ስም «ካቨንዲሽ» ተባለ። ከዚያ ሚስዮናውያን ችግኙን ወደ ሳሞአ ወሰዱት። በ1950ዎቹ «ግሮ ሚሼል» የሚባለውን የዘመኑን ዋና የገበያ ሙዝ የፓናማ በሽታ ሲጨርሰው፣ በሽታውን የተቋቋመው ካቨንዲሽ ተተካ።

ግን ሁሉም ነገር ውብ አልነበረም። ኤደንሰር የምትባለዋ መንደር ከዱኩ ቤት ትታይ ነበር። በቃ፣ እይታ ታበላሻለች ተብሎ በተለያየ ጊዜ እንድትነሳ ተደረገ። አዲሶቹ ቤቶች ቆንጆ ናቸው፤ ዛሬ ቱሪስት ፎቶ ይነሳባቸዋል። ይሁንና ቤትና መሬቱ የዱኩ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ቃልም የሱ ነበር።

🔹 80 በመቶ!

ትልቁ ዱብ ዕዳ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ወራሹ ዊሊያም በ1944 የጆን ኤፍ ኬኔዲን እህት ካትሊንን አገባ። እሷ ካቶሊክ፣ እሱ ፕሮቴስታንት ስለነበሩ ሁለቱም ቤተሰቦች ተቸግረው ነበር። ከተጋቡ በአራት ወራቸው ቤልጂየም ውስጥ በጦርነት ተገደለ። ካትሊንም በ1948 በአውሮፕላን አደጋ ሞተች፤ የተቀበረችው ኤደንሰር ነው። ኬኔዲ በ1963፣ ከመገደሉ አምስት ወር በፊት፣ መቃብሯን ጎብኝቷል።

አባቱ 10ኛው ዱክ ከውርስ ግብር ለመዳን በ1946 ንብረቱን ወደ ባለአደራ ድርጅት አዙሮ ነበር። ሕጉ ግን ሰጪው ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት መኖር አለበት ይላል። ዱኩ ኅዳር 1950 ላይ፣ በ55 ዓመቱ፣ አምስት ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ድንገት ሞተ። መንግሥት የጠየቀው ግብር ከንብረቱ ዋጋ 80 በመቶ ነበር።

አዲሱ ዱክ አንድሩ ምን አደረገ? በአስር ሺዎች የሚቆጠር ኤከር መሬት ሸጠ። ደርቢሺየር ውስጥ ከነበረው ከ33 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት 14 ሺህ ገደማ ብቻ ቀረ። የሬምብራንትና የሆልባይን ሥራዎች ለመንግሥት ሙዚየሞች ሄዱ። ቤስ ራሷ ያሠራችው ሃርድዊክ ሆል «ናሽናል ትረስት» ለሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ተላለፈ። ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር የነበረው ድርድር 17 ዓመት ፈጀ፤ ወለዱ ደግሞ በላዩ ላይ ይቆጥራል።

🔹 ዛሬስ?

በ1981 ቤቱን የሚያስተዳድር የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቋመ። የጎብኚ መግቢያ ክፍያ ለጥገናው ይውላል። አንድሩና ሚስቱ ዴቦራ፣ በተለይ ዴቦራ፣ ርስቱን ወደ ሥራ ቀየሩት። በ1977 የከፈተችው የእርሻ ውጤቶች ሱቅ ዛሬም ይሠራል። በ2005ቱ «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ፊልም ላይ የሚስተር ዳርሲ ቤት ሆኖ የታየውም ቻትስዎርዝ ነው።

ስለዚህ ቤቱን ያተረፈው ማዕረጉ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ ብዙውን ለቆ ጥቂቱን ያዘ፤ የያዘውንም ለሕዝብ ከፍቶ ትኬት መሸጥ ጀመረ። መሬቱ ግን ዛሬም ብዙ ነው፤ መነሻውም ከገዳማት የተወረሰ ሀብት ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? እንዲህ ያለ ቤት ሙሉ በሙሉ የሕዝብ ቢሆን ይሻላል ወይስ በቤተሰቡ እጅ ሆኖ እየተጎበኘ ይቆይ?