ባል መዝገብ ያዥ፣ ሚስት ሠዓሊ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ቻርልስ ቢል የሚባል ሰው የሚስቱን ሥራ በማስታወሻ ደብተር ይመዘግብ ነበር። ማን መጥቶ ለሥዕል እንደተቀመጠ፣ ስንት እንደከፈለ፣ የትኛው ቀለም እንደተቀመመ፣ ለሸራ ምን ያህል እንደወጣ ሁሉንም ያሰፍራል። ደብተሮቹ ብዙ ነበሩ፤ ዛሬ በእጅ ያሉት ግን የ1677 እና የ1681 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሜሪ ቢል በብሩሿ እንዴት ቤተሰብ እንዳስተዳደረች የምናውቀው በአብዛኛው ከእነዚህ ነው።

ሜሪ የተወለደችው በ1633 በሰፎክ፣ ባሮው በምትባል መንደር ነው። አባቷ ጆን ክራዶክ የደብሩ ቄስ ሲሆኑ በትርፍ ጊዜያቸው ሥዕል ይሞክሩ ነበር። በ1652 ቻርልስን አገባች። ባሏ በለንደን የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበር በፍሊት ጎዳና አካባቢ በነበረው ቤታቸው ለሥዕል የሚሆን ክፍል አልጠፋም። በ1663 የአፕሪኮት ፍሬ በቀለም እንዴት እንደሚሣል የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀች፤ ሴት በእንግሊዝኛ ስለ ሥዕል አሠራር ከጻፈቻቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ነው። ነገር ግን ቻርልስ ሥራውን አጣ፤ በ1665 ደግሞ ከተማዋን ወረርሽኝ መታት። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሃምፕሻየር ገጠር ሄዱ።

በገጠር በቆዩባቸው አምስት ዓመታት ሜሪ ስለ ወዳጅነት አንድ ድርሳን ጻፈች። ሔዋን ለአዳም የተሰጠችው ሚስት ብቻ ሳይሆን ወዳጅም እንድትሆነው ነው ትላለች። ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ አልቀረም። በ1670 ለንደን ተመልሰው ፓል ማል በሚባለው ሰፈር ቤት ሲከራዩ የሥራ ድርሻቸውን በዚሁ መንፈስ ተከፋፈሉ፦ እሷ ትሥላለች፣ እሱ ቀለም ይቀምማል፣ ሸራ ያዘጋጃል፣ ሂሳብ ይይዛል። ሚስት ሠርታ ባል ሂሳብ የሚይዝበት ቤት በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር።

ብዙዎች “የመጀመሪያዋ እንግሊዛዊት ባለሙያ ሠዓሊ” ይሏታል። አይደለችም፤ ጆዋን ካርላይል ቀድማታለች። ለእኔ ግን ቀዳሚ መሆኗ ሳይሆን ገበያውን ማወቋ ይበልጥብኛል። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ሰር ፒተር ሌሊ በ1670ዎቹ መጀመሪያ ራስና ትከሻ ለሚያሳይ ምስል 20 ፓውንድ ያስከፍል ነበር። ሜሪ 5 ፓውንድ፣ ግማሽ አካል ለሚያሳይ ደግሞ 10 ፓውንድ ትቀበላለች። ስለዚህ የሌሊ ዋጋ የከበዳቸው ቀሳውስትና ሌሎች ደንበኞች ወደ እሷ መጡ። ከወዳጆቿና ከደንበኞቿ አንዱ ጆን ቲሎትሰን ሲሆኑ በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆነዋል።

ሌሊም ቢሆን ተቀናቃኝ አልሆነባትም። ቤቷ እየመጣ ሥራዋን ያይ ነበር፤ የራሱን ሥዕሎች እንድትገለብጥም ፈቅዶላታል። ቻርልስ የሚቀምመው ቀለም ጥሩ ስለነበር ሌሊ ቻርልስ ከሚከፍለው ገንዘብ አንዳንዱን በቀለም ይቀበል ነበር።

የ1677 ደብተር ሲገለጥ ቤቱ እንደ ንብ ቀፎ ነው። በዚያ ዓመት 83 ትእዛዝ መጣ፤ ገቢውም 429 ፓውንድ ሆነ። ልጆቹ ባርቶሎሚውና ቻርልስ ልብሱንና በምስሉ ዙሪያ ድንጋይ መስሎ የሚሣለውን ሞላላ ክፈፍ እየሠሩ ከእናታቸው ይከፈላቸው ነበር። ለጥናት ለሚሠሩት ሥዕሎች ደህና ሸራ ማባከን ስለማይገባ የሽንኩርት ጆንያ ሳይቀር ተሞክሯል። ከዚህ ሁሉ ቁጠባ ጎን ግን ከገቢው አንድ አሥረኛው ለድሆች ይወጣል። አሥራቱ በየወጪው መካከል በወጉ ተጽፎ ስናገኘው የቄስ ልጅ መሆኗ ትዝ ይለናል።

ሌሊ በ1680 ሞተ፤ በእሱ ስልት የሚሠራ ሥዕልም ፋሽኑ እያለፈበት ሄደ። የ1681 ደብተር የትእዛዙን መሳሳት ያሳያል። ሜሪ ግን ብሩሿን አልጣለችም፤ በ1699 ስትሞትም በፒካዲሊ የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። ባርቶሎሚው ሥዕሉን ትቶ ሐኪም ሆነ።

በለንደን የብሔራዊ የሰዎች ምስል ሙዚየም በ1666 አካባቢ ራሷን የሣለችበት ሥራ ይገኛል። የሁለት ልጆቿ ፊት ያለበትን ያላለቀ ሸራ ይዛለች፤ የቀለም ገበታዋ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እናትነቷንም ሙያዋንም በአንድ ሸራ አስቀምጣቸዋለች። እውነቱን ለመናገር፣ ለገበያ የሠራቻቸው የቀሳውስት ምስሎች ብዙዎቹ ደረቅ ናቸው፤ አንዱን ያየ ሌላውን ያየ ያህል ነው። ትንሹን ባርቶሎሚውን በወረቀት ላይ በዘይት ቀለም የሣለችበት ንድፍ ግን ሌላ ነው። ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልከፈለበት ይህ ሥራ ከ5 ፓውንዶቹ ሁሉ ይበልጣል።