ጠላቂው፣ ሰንጠረዡና ኮምፒዩተሩ

የሐርጌሳ ሰው ባሕር ሲያምረው ወደ በርበራ ይወርዳል። መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በርበራ ሲጠልቅ የዋለ ሰው በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ ቢመለስ ተራራ እንደ ወጣ ይቆጠራል። ለመሆኑ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ጥልቀትንና ጊዜን የሚያሰላ ኮምፒዩተር በክንዱ ማሰር ያስፈልገዋልን? መልሱን ከታሪክ እንፈልግ።

እ.ኤ.አ. በ1870 በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በወንዝ ሥር በታመቀ አየር ውስጥ የድልድይ መሠረት ሲቆፍሩ ከነበሩት ሠራተኞች ከአሥር የሚበልጡት ሞቱ። ምክንያቱን ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። ይኸውም በከፍተኛ ግፊት የተተነፈሰው ናይትሮጂን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ይወጣል። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ከፍተን ይህንኑ ለተማሪዎቻችን ልናሳይ እንችላለን።

ቀጥሎም ጆን ስኮት ሆልዴን ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል በፍየሎች ላይ ሙከራ አደረገ። ከባልደረቦቹ ጋር በ1908 ያወጣው ሰንጠረዥ ጠላቂው በየደረጃው እየቆመ እንዲወጣ አስተማረ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ሰንጠረዦች የብዙ ሰው ሕይወት አትርፈዋል። ነገር ግን ጠላቂው ጊዜውን ሁሉ በደረሰበት ከፍተኛ ጥልቀት እንዳሳለፈ አድርገው ይቆጥራሉ። ከ1983 ጀምሮ ገበያ ላይ የዋሉት ኮምፒዩተሮች በአንጻሩ ከፍታና ዝቅታውን በየቅጽበቱ እየለኩ ያሰላሉ። ጥልቀቱን እየለዋወጠ በቀን ደጋግሞ ለሚጠልቅ ሰው ጥቅማቸው ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚለካው ውሃውን እንጂ የሰውየውን ደም አይደለም። ድካሙንም ሆነ ማታ የሚሄድበትን አቀበት አያውቅለትም። የሐርጌሳ የአየር ግፊት ከበርበራው በአንድ ሰባተኛ ያህል ያንሳል። በ2002 የመከሩ ባለሙያዎች፣ የውስጥ አየሩ ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ጋር በሚመጣጠን አውሮፕላን ከመብረር በፊት፣ አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ 18 ሰዓት እንዲቆይ መክረዋል። ምክሩ የተሰጠው ለአውሮፕላን ተሳፋሪ ቢሆንም፣ ግፊቱ ሲቀንስ ሰውነት በክንፍ ይውጣ በመኪና አይለይም።

ስለሆነም ኮምፒዩተር ማሰር መልካም ነው፤ ግድ የሚለው ግን ስሌቱ ነው። ሰንጠረዥም ኮምፒዩተርም ያልያዘ ሰው መጥለቅ አይገባውም። ኮምፒዩተር የያዘውም ቢሆን ቁጥሩ ከምን እንደመጣ ይወቅ፤ ከጠለቀም በኋላ በርበራ ይደር።